የእሑዱን ትምህርት በስልክ ቀድቶ ማድረስ
(የቪዲዮ ትምህርት ለማዘጋጀት ለምታስቡ እህቶች)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ ቪዲዮ ትምህርት አዘገጃጀት እንነጋገራለን። ርእሱን አይታችሁ «ይህ ለተማሩ አስተማሪዎች ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘሉት። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠው ለአዲስ መጪዎች ዓረብኛ የሚያስረዱ፣ ፊደል የሚያስቈጥሩ፣ ባንክ ገንዘብ ሲላክ የሚሞላውን ወረቀት የሚያሳዩ እነማን ናቸው? ዐሥር ዓመት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት በሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችሁ አይደሉም ወይ? እኛ አስተማሪ የምንለው እነርሱን ነው።

ነገር ግን በዚያ ጥግ ለመቀመጥ የሚችሉት እሑድ መውጣት የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። እዚህ ሊባኖስ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ፣ በሩ የሚቆለፍባት እህት ስንት እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሁሉ ይልቅ ትምህርቱ የሚያስፈልጋት ደግሞ እርስዋ ናት፤ ከመጣች ሁለት ወር ያልሞላት፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ የጽዳት ዕቃውን ጠርሙስ በቀለሙ ብቻ የምትለይ። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስትተኛ በእጅዋ ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ እርሱም ካልተወሰደባት። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤት ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 ቀን (እ.ኤ.አ.) የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ በ2024 ደግሞ ጦርነቱ ሲሰፋ እሑድ መውጣት ይችሉ የነበሩትም እንደ እርስዋ ሆነው ነበር።

ስለዚህ የእሑዱን ትምህርት ሦስት ሦስት ደቂቃ አድርጎ መቅዳትና ማድረስ የጌጥ ሥራ አይደለም።

በስልክ ማስተማር ከየት መጣ

በ2004 እ.ኤ.አ. ሳልማን ካን የሚባል በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የገንዘብ ድርጅት ሠራተኛ የሆነ ሰው በሌላ ከተማ ለምትኖር ለአንዲት ዘመዱ ልጅ ሒሳብ በስልክ ያስረዳት ጀመር። በኮምፒውተር ላይ እየጻፈ፣ እርስዋም በራስዋ ኮምፒውተር እያየች ነበር የሚማማሩት። ሌሎች ዘመዶች «እኛንም አስተምረን» አሉት፤ ጊዜ አልበቃ ሲለው በ2006 ትምህርቱን እየቀዳ ዩትዩብ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ዘመዶቹም «አንተ ራስህ ከምታስረዳን ይልቅ ቪዲዮው ይሻለናል» ብለው እንደነገሩት ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ለምን ቢባል፣ ያልገባቸውን ሳያፍሩ መልሰው መላልሰው ያዩታል፤ ሲደክማቸውም ያቆሙታል። በ2009 መደበኛ ሥራውን ትቶ በቤቱ የልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አስገብቶ ይቀዳ ነበር። ዛሬ ካን አካዳሚ የሚባለው በዓለም የታወቀ የነጻ ትምህርት ድርጅት የተጀመረው እንደዚህ ነው። ፊቱን አያሳይም፤ የሚታየው ጥቁር ሰሌዳና በላዩ የሚጻፈው ብቻ ነው፣ ድምፁም ይሰማል። ለእኛ ሁኔታ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ጠባብ ክፍልና ፊት የማይታይበት ቪዲዮ የእናንተም ነገር ነውና።

ሌላ መረጃ ልጨምር። በ2014 እ.ኤ.አ. ሦስት አጥኚዎች ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ ተማሪዎች ቪዲዮ ያዩበትን 6.9 ሚሊዮን ጊዜ መርምረው ነበር። ያገኙት ውጤት ግልጽ ነው። ቪዲዮው ከስድስት ደቂቃ ሲያልፍ ተማሪው እስከ መጨረሻው አያየውም። ደግሞም እየተናገረ በእጁ የሚጽፍ አስተማሪ የተዘጋጀ ጽሑፍ ብቻ ከሚያሳይ አስተማሪ ይልቅ ተማሪውን ይዞ ያቆያል። ውድ በሆነ ስቱዲዮ የተቀዳውም፣ አስተማሪው ያለ ስቱዲዮ እንደ ሰው ከሚያወራበት አልበለጠም። ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ስትሠራ ለዋለችው እህት ስድስት ደቂቃም ይበዛል፤ እኔ ሦስት እላለሁ።

አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ነገር

የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የኔታ ልጁን በአንድ ቀን መልእክተ ዮሐንስን ከነዳዊቱ አያሸክሙትም። መጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ ንባቡን በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ያወጡታል። በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነኩ ያስቈጥሩታል። ከፍ ያለው ተማሪም ዝቅ ያለውን ያስጠናል። የቪዲዮ ትምህርት ሊቃውንት ዛሬ በጥናት የደረሱበት ብዙው ነገር (ጥቂት በጥቂት፣ እየጠቈሙ፣ እየደጋገሙ) በየደብሩ ዛፍ ሥር ሲሠራበት የቆየ ነው።

እንግዲህ ፊደል ለማስተማር የምታስቡ እህቶች ዋናው ገበታ 33 ረድፍ በ7 ዓይነት፣ በድምሩ 231 ፊደል መሆኑን አስታውሱ። በአንድ ቪዲዮ አንድ ረድፍ ብቻ ብታሳዩ 33 አጫጭር ቪዲዮዎች ይሆናሉ። በየእሑዱ ሦስት ብትቀዱ በሦስት ወር ይጠናቀቃል። እንደ እኔ አስተያየት ግን የሚመሳሰሉትን ባታከታትሏቸው ይሻላል፤ «ለ» እና «ሰ»ን፣ «ነ» እና «ኘ»ን፣ «ዐ» እና «ፀ»ን በአንድ ሳምንት ያስተማረ ሰው ጀማሪዋን ያደናግራታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ መሆናቸውንም መጀመሪያ ሳይሆን በኋላ ብትነግሯት ይበቃል።

ዓረብኛ ከሆነ የምታስተምሩት፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የየት አገር ዓረብኛ እንደሆነ ተናገሩ። ቪዲዮ ከአገር አገር ይሻገራልና። በሊባኖስ «የለም» ለማለት «ማ ፊ» ይባላል፣ በኩዌት ግን «ማኩ» ነው። «አሁን» እዚህ «ሀላእ» ሲሆን በባሕረ ሰላጤው አገሮች «አልሒን» ነው። «እፈልጋለሁ» እዚህ «ብዲ»፣ እዚያ «አቢ» ወይም «አብጊ» ነው። ሪያድ ያለች እህት የቤይሩቱን ሸምድዳ ማዳሟ ፊት ብትናገር ሰው ይስቅባታል፣ ሁለተኛም አፏን አትከፍትም። እንደ «ሙስተሽፋ» (ሆስፒታል)፣ «ጀዋዝ» (ፓስፖርት)፣ «ኢቃማ»፣ «ኸጠር» (አደጋ) ያሉት ግን በሁሉም ዘንድ ስለሚሰሙ በእነርሱ መጀመር ጥሩ ነው።

ምሳሌ ትምህርት፦ ክሎርና አሲድ

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ትምህርት አብረን እናዘጋጅ። የመረጥሁት በየቤቱ ያለውን ነገር ነው። ነጭ ማድረጊያ ክሎርን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ክሎርን አሞንያ ካለበት የመስተዋት ወይም የወለል ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያመጣል። ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳሉ» ብላ ያፈሰሰች እህት ምን ያህል እንደምትጎዳ አስቡ። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የማትችል እህት ይህን ከማን ትሰማለች?

አንድ ነጭ ወረቀት ለአራት እጠፉና በየሳጥኑ የሚታየውንና የሚባለውን ጻፉ። በመጀመሪያው ሳጥን ሁለት ጠርሙሶች ተራርቀው ይታያሉ፤ «ይህ ክሎር ነው። ይህ አሲድ ነው። ሁለቱ አይገናኙም» ትላላችሁ። በሁለተኛው ምልክቱን በቅርበት ታሳያላችሁ፤ ቀይ ጠርዝ ያለው፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ነጭ ካሬ፣ በውስጡ በጥቁር የተሳለ ሥዕል። የሰው እጅና ብረት የሚበላ ፈሳሽ የተሳለበት «ያቃጥላል» ማለት ነው። የራስ ቅል የተሳለበት «መርዝ» ማለት ነው። ምልክቱ በብዙ አገሮች አንድ ስለሆነ ማንበብ የማትችልም ትለየዋለች። ሦስተኛው ሳጥን አደጋው ሲደርስ የሚሰማውን ነው፤ የሚሰነፍጥ ሽታ፣ የዓይን ማቃጠል፣ ሳል፣ የደረት መጨነቅ።

አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የፈሰሰውን ለመጥረግ ጎንበስ ማለት አይገባም፤ ጋዙ ከአየር የከበደ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ወዲያው ከክፍሉ መውጣት፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት መሄድ፣ ዓይን ነክቶ ከሆነ በብዙ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይዞ መውጣት። ከዚያም ማዳምን መጥራት። የመተንፈስ ችግር ካለ ደግሞ አምቡላንስ መጥራት ነው፤ በሊባኖስ የቀይ መስቀል ቁጥር 140፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬቶች 998፣ በኩዌት 112። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ቢያንስ ዐሥር ሰኮንድ ካሜራው ፊት አቆዩት። አድራሻ መናገር የማትችል እህት «ኸጠር፣ ክሎር» ማለት ብትችልና ስልኩን ለጎረቤት ብታቀብል እንኳ አንድ ነገር ነው።

አደራ፣ «ሲቀላቀል እንዲህ ይሆናል» ብላችሁ ለማሳየት አትሞክሩ። ጠርሙሶቹ ክዳናቸው እንደተዘጋ ይቀረጹ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ስልክ አለ። ሌላው ከቤት የሚገኝ ነው። በመጀመሪያ የካሜራውን መስተዋት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ የወጥ ቤት እጅ የነካው ስልክ ሁልጊዜ ጭጋግ ያሳያል። ብርሃን ከመስኮት ይምጣ፤ መስኮቱ ከጀርባችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ ወይም ከጎናችሁ ይሁን። ስልኩን በእጅ ይዞ መቅዳት ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ በመደርደሪያ ጠርዝ ላይ ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ አስተኙት፤ እንዳይወድቅ በላዩ የአንድ ኪሎ ሩዝ ከረጢት ጫኑበት። ከታች ወረቀታችሁን አድርጉ። እንግዲህ የሚታየው ወረቀቱ፣ እጃችሁና እስክሪብቶው ብቻ ነው። ስንደዶውም እንደ የኔታ በእጃችሁ ይኑር፤ የጆሮ መጥረጊያ እንጨትም ያገለግላል።

በወፍራም ማርከር ጻፉ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ በቀኝ እጅ ስትጽፉ የጻፋችሁት ይታያል። ዓረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ እጃችሁ የጻፋችሁትን ይሸፍነዋል፤ ቃሉ ባለቀ ቁጥር እጃችሁን አንሡና አሳዩ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ምስሉ የደበዘዘ ትምህርት ይታገሡታል፤ ድምፁ የማይሰማውን ግን በሰኮንድ ውስጥ ይዘጉታል። የአየር ማቀዝቀዣውንና ማራገቢያውን አጥፉ፣ ከማቀዝቀዣው (ከፍሪጁ) ራቁ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ አልጋና መጋረጃ ያለበት ክፍል ድምፅ ይውጣል። የኢርፎን ማይክ ካላችሁ ወደ አፋችሁ ይቅረብ እንጂ ነጠላውን እንዳይታከክ ተጠንቀቁ። መቅዳት ስትጀምሩ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ካልሆነ በትምህርቱ መካከል ጥሪ ይገባል።

ከሥር ሙዚቃ አታስገቡ። መዝሙርም ቢሆን። አንዳንድ እህቶች ለማሳመር ብለው ያደርጉታል። ቋንቋ ለምትማር ሰው ግን ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ መስማት ድካም ነው። መዝሙሩም ባለቤት ስላለው ዩትዩብ ሊያግደው ይችላል። ደግሞ ሰላምታው አይርዘም። «እንደምን አላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ሲባል ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ አለቀ።

አንድ ሌላ ነገር። ብዙዎች ቪዲዮውን አያዩትም፤ በአንድ ጆሮ ኢርፎን አድርገው ልብስ እየተኰሱ ይሰሙታል። ስለዚህ «ይኸውና እንደዚህ ነው፣ እዚህ ጋ ያለው» አትበሉ፤ ስሙን ጥሩት። እያንዳንዱን የዓረብኛ ቃል ሁለት ጊዜ ከተናገራችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አራት ቈጥራችሁ ዝም በሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እርስዋ በሹክሹክታ ትደግመዋለች።

የሚያሳጥሩና የሚያያይዙ መሣሪያዎች

መቅረጹ ሲያልቅ ከፊትና ከኋላ የተረፈውን መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህ በስልኩ የፎቶ ማኅደር (ጋለሪ) ውስጥ አለ፤ ቪዲዮውን ከፍታችሁ ማስተካከያውን ስትነኩ ጫፍና ጫፉን በጣት መጎተት ይቻላል። ዋትስአፕም ከመላኩ በፊት ይህን ያስደርጋል። ለጀማሪ ይህ ይበቃል።

ሁለት ሦስት ቁራጮችን ለማያያዝና ጽሑፍ ለመጨመር ካፕካት ወይም ኢንሾት የሚባሉትን በነጻ ማውረድ ይቻላል። ገንዘብ የሚጠይቁ ክፍሎች ስላሏቸው «ፕሮ» የሚል ምልክት ያለበትን አትንኩ፤ ያለ እርሱም ሥራው ይሠራል። ሥዕልና ጽሑፍ አቀናብሮ እንደ ገጽ ገጽ አድርጎ ቪዲዮ ለማውጣት ካንቫ አለ፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የአውስትራሊያ ሥራ ነው፣ ነጻው ክፍል ለእኛ ይበቃል። የአማርኛ ፊደል በስልካችሁ ከሌለ ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ አውርዳችሁ አማርኛን ምረጡ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የቀለለው የስልኩን ስክሪን መቅዳት ነው። የሁለቱን ጠርሙስ፣ የምልክቱን፣ የቁጥሩን ፎቶ አስቀድማችሁ አንሡ። ከዚያ ስክሪን ሪኮርደሩን አስነሥታችሁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየገለጣችሁ ተናገሩ። ይህ በአንድሮይድ 11 (ከ2020) ወዲህ ባሉ ስልኮች፣ በአይፎንም ከ2017 ጀምሮ ከስልኩ ጋር የሚመጣ ነው። በአይፎን ድምፃችሁ እንዲገባ የመቅጃውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ በመያዝ ማይኩን ማብራት አለባችሁ። መልእክት የገባ እንደሆነ በስክሪኑ ላይ ወጥቶ ይቀዳል፤ ስለዚህ እዚህም ኤርፕሌን ሞድ አትርሱ።

የምስሉን መጠን አነስ አድርጉት። በአይፎን የካሜራ ማስተካከያ ገጽ ላይ እንደተጻፈው አንድ ደቂቃ በ720 ወደ 40 ሜጋባይት፣ በ1080 ወደ 60፣ በ4ኬ ደግሞ ወደ 170 ሜጋባይት ይይዛል። የምትቀበለው እህት ካርድ (ተሽሪጅ) የምትሞላው ከስንት አንዴ ነው። 720 ይበቃል። እንዲያውም ምስል የማያስፈልገው ትምህርት ከሆነ የድምፅ መልእክት ብቻ ላኩ፤ አንድ ደቂቃው ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው።

በምን እንላከው

ይህ ክፍል ስለ ደኅንነትም ስለሆነ በጥንቃቄ አንብቡት። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያል። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ማን እንዳለ አታውቁም። «የተሻለ ቤት አገኝልሻለሁ፣ ከዚያ ቤት ውጪ» የሚሉ ደላሎች ቁጥር የሚለቅሙት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። የቴሌግራም ቻናል ግን ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ዝርዝሩን የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ከ2023 ጀምሮ ዋትስአፕም ቁጥር የማይታይበት «ቻናል» አውጥቷል። ስለዚህ ለትምህርቱ ቻናል፣ ለጭውውት ግሩፕ ይሁን። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «ፕራይቬሲ» በሚለው ሥር ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ።

ዩትዩብ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ቪዲዮ ስታስቀምጡ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል። «ፐብሊክ» ለሁሉም የሚታይ ነው። «ፕራይቬት» እናንተና የፈቀዳችሁላቸው ብቻ የሚያዩት ነው። መካከለኛው «አንሊስትድ» የሚባለው ሊንኩን ያገኘ የሚያየው፣ በፍለጋ ግን የማይወጣ ነው። ለእሑድ ክፍል የሚስማማው ይኸኛው ነው። ነገር ግን ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ሊያልፍ ስለሚችል ምስጢር ነው ብላችሁ አትመኑበት። የአስተያየት መስጫውንም ዝጉት። ተመልካቿ ካርድ እንዳያልቅባት የምስሉን ጥራት 144 ወይም 240 ላይ አድርጋ ማየት እንደምትችል በመጀመሪያው ቪዲዮ ንገሩልን።

አሁን ስለ አሠሪ ቤት። በቪዲዮው ውስጥ የማዳም ልጆች፣ በግድግዳ ያለ የቤተሰብ ፎቶ፣ የቤቱ ስም ያለበት ፖስታ፣ ከመስኮት ማዶ የሚታይ ሕንፃ ወይም መስጊድ አይግባ። በኤምሬቶች በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 መሠረት ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሣትና ማሰራጨት እስራትና ገንዘብ ያስቀጣል። «ልጁን ስለምወደው ነው» የሚል መልስ ፖሊስ ጣቢያ አይሠራም። በካሜራው ማስተካከያ «ሎኬሽን» የሚለውን አጥፉ፤ አለዚያ የቤቱ ቦታ ከቪዲዮው ጋር አብሮ ሊጻፍ ይችላል። ፊታችሁን ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ ስማችሁንም መናገር አያስፈልግም። «እኔ የእሑድ ክፍል እህታችሁ ነኝ» ማለት ይበቃል። የፓስፖርትና የኢቃማ አሞላል ስታስተምሩ የራሳችሁን እውነተኛ ወረቀት አታሳዩ፤ በእጃችሁ ሠርታችሁ የሳላችሁትን ተጠቀሙ።

ከተቻለ ሁሉ መቅዳቱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። በአሠሪ ቤት መቅዳት የግድ ከሆነ በራሳችሁ ክፍል፣ በዕረፍት ሰዓታችሁ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ብቻ አድርጉት። በሥራ ሰዓት ስልክ ይዛችሁ ብትገኙ ስልኩን ታጣላችሁ፤ ከስልኩም ጋር የቤተሰባችሁን ድምፅ።

መልስ መቀበል

ቪዲዮ የላከ ሁሉ አስተምሯል ማለት አይደለም። የኔታ ልጁ በቃሉ ካልወጣው ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። በእያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ክሎር ከምን ጋር አይገናኝም?» የመሰለ። መልሱን በድምፅ መልእክት እንድትልክላችሁ ንገሯት። መናገር የማትችልበት ቤት ካለች አንድ ቃል ጽፋ ትላክ፤ መጻፍ የማትችል ደግሞ የጠርሙሱን ሥዕል ትላክ። ዐሥር ሰው ተመሳሳይ ስሕተት ከመለሰ ቪዲዮው እንደገና መቀዳት አለበት፤ ተማሪዋን አትውቀሱ። መልስ ያልላከችውን ደግሞ በስም አስታውሱ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ድምፅዋ ከጠፋ ትምህርቱ ሳይሆን እርስዋ ምን እንደሆነች መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቤቱ ተባርራ ይሆናል፤ ታምማም ይሆናል። ለክፍሉ አስተባባሪዎች ወይም ለካህናት ንገሩ፣ አትዘግዩ።

የተዘጋጁትን ቪዲዮዎች በቻናሉ የሚያወጡት በእሑድ ክፍሉ የተመደቡት ሁለት እህቶች ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት አንዲት ዓረብኛ የምታውቅና አንዲት አዲስ መጪ ተቀምጠው ያዩታል፤ አዲሲቱ ያልገባትን ሁሉ ትናገራለች፣ እርስዋ ካልገባት ተመልሶ ይቀዳል። ፋይሉን ካስረከባችሁ በኋላ ከስልካችሁ ጋለሪም፣ ከቅርብ ጊዜ ከተደመሰሱት ማኅደርም አጥፉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።